ፍሪጄን የሚያስመልስልኝ ሚኒስትር የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ፍሪጅ ገዛሁ። ሳምንት እንኳ በወጉ ሳይሠራ ማቀዝቀዙን አቆመ። ሱቁ ስሄድ ባለቤቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎም «መብራት ነው ያቃጠለው፤ ስታብላይዘር ብትጠቀሚ ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር» አለኝ። ፍሪጁ ያለው ቤቴ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ደጄ ላይ አሳ ስለምጠብስ አሳውንም አስቀምጥበታለሁ። ሲድኒ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «እዚህ እኮ ለዚህ ነገር የደንበኞች አገልግሎት ሚኒስትር አለን፤ እናንተ ጋ የለም እንዴ?» ይለኛል። እውነት ክልላችን እንዲህ ያለ ሚኒስትር የለውም? ለማንስ አቤት ልበል?
ፍ.፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ የደወልኩልዎ መጽሔቱ እስኪወጣ ቀኑ እንዳያልፍብዎ ብዬ ነው። በስልክ በጥድፊያ የነገርኩዎትን እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፈው፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ከእህትዎ ልጅ እንጀምር። ልጁ አልዋሸም፤ ሁለት ነገር ግን ቀላቅሏል። አውስትራሊያ ስድስት ግዛቶች አሏት። እያንዳንዱ የራሱ ፓርላማ፣ ፕሪሚየር የሚባል መሪና የራሱ ሚኒስትሮች አሉት። ሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 የደንበኞች አገልግሎት ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ቪክተር ዶሚኔሎ ነበሩ። ዋናው ሥራቸው ግን የመንግሥት መስኮት ነው። መንጃ ፈቃድ ማደስ፣ መኪና ማስመዝገብ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት የመሳሰለው። ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠው ሰርቪስ ኤን ኤስ ደብሊው ከ2013 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። መንጃ ፈቃድን ስልክ ውስጥ አስገብቶ መያዝም በመላው ግዛቱ የተጀመረው በ2019 ነው። «ደንበኛ» ያሉት እንግዲህ መንግሥት ፊት የተሰለፈውን ሰው ነው።

የተበላሸ ፍሪጅ የሚመለከተው ፌር ትሬዲንግ የሚባል መሥሪያ ቤት ነው። በ2023 በተመሠረተው መንግሥት የደንበኞች አገልግሎቱን ጂሃድ ዲብ ሲይዙ፣ ፌር ትሬዲንግ የተሰጠው ለሌላ ሚኒስትር፣ ለአኑላክ ቻንቲቮንግ ነው። ጎረቤቷ ቪክቶሪያ ደግሞ የሸማቾች ጉዳይ ሚኒስትር ብላ ትሾማለች። ማዕረጉ በየግዛቱ ይለያይ እንጂ ሚኒስትር ባለሱቅ ጋ ደውሎ «የሴትየዋን ገንዘብ መልስ» ሲል አይገኝም። የሚደውለው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው። አልስማማም ያሉ ባለጉዳዮች ደግሞ ወደ ግዛቱ የፍትሐ ብሔርና የአስተዳደር ትሪቡናል ይሄዳሉ።

ወደ እኛ ስንመጣ ሚኒስትር የሚባለው የፌደራል ሹመት ነው። ክልል ያለው ቢሮ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ሚኒስትር የለንም ብለው አይዘኑ፤ ወንበሩ አለ፣ ስሙ ነው የተለየው። የእርስዎን ጉዳይ በክልል ደረጃ የሚይዘው የአማራ ክልል ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ ነው። ከሥሩ የከተማው መምሪያ አለ፤ ክፍለ ከተማ ላይም ጽሕፈት ቤት አለ። አዲስ አበባ ላይ ድሮ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል።

እኔ ዕድሜዬን ግማሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ነው የጨረስኩት። የታዘብኩትን ልንገርዎ። ሰው የሚመጣው ተናዶ ነው፤ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ጥቂት ነው። ባለሱቁ ሲጠራ ደግሞ ረጋ ብሎ፣ ከነፋይሉ ይመጣል። ገና ሳይጀመር ማን እንደሚረታ ይታወቃል።

አሁን ስለ ግድግዳው ወረቀት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚለው ግልጽ ነው። የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዙ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሰው እንዲለወጥልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይችላሉ። የተለየ ዋስትና ካለ እሱም እንደተጠበቀ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ለባለሱቁም እንፍረድለት፤ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ዕቃው ደህና ሆኖ «ቀለሙ ከመጋረጃዬ ጋር አልሄደም» ብሎ የሚመልሰውን ሰው ማስቆሚያ ከሆነ ተገቢ ነው። ሲድኒም ቢሆን ሐሳቤን ቀየርኩ ያለን ሰው ገንዘብ የመመለስ ግዴታ የለም። እዚያ ግን «ገንዘብ አይመለስም» ብሎ በደፈናው መለጠፍ ራሱ ሸማችን ማሳሳት ነው ተብሎ ያስጠይቃል። እኛ ጋ ወረቀቱ ከካላንደሩ ጎን ዓመት ከዓመት ተሰቅሎ ይኖራል።

እርስዎ እንደዋዛ ያነሷት የአሳ ነገር ግን እኔን አሳስባኛለች። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ባለሱቁ ነገር አዋቂ ከሆነ «ፍሪጁን ለንግድ ነው የገዛችው፣ ሸማች አይደለችም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እኔ ብሆን የምመልሰው «ፍሪጁ ወጥ ቤቴ ነው ያለው፣ የልጆቼ ወተትና ሽሮም እዚያው ነው፤ የገዛሁት ለቤቴ ነው» ብዬ ነው። እውነትም ይኸው ነው። ደረሰኙ በራስዎ ስም ከተቆረጠ ይረዳዎታል፤ በንግድ ስምና በንግድ ግብር ከፋይ ቁጥር ከሆነ ያስቸግርዎታል። እዚህ ላይ በአውስትራሊያ ሕግ እቀናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ከ100,000 የአውስትራሊያ ዶላር ያልበለጠ ዕቃ የገዛ ሰው፣ መልሶ ሊሸጠው ካልሆነ በቀር፣ ትንሽ ነጋዴም ቢሆን እንደ ሸማች ይቆጠራል። አሳ ጠባሽዋም ትገባለች ማለት ነው። ጣና ዳር በአንድ ፍሪጅ፣ በአንድ መጥበሻ ለሚተዳደሩት ሁሉ እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢኖረን ምን ነበረበት?

ደግሞ ሸማች አይደለሽም ቢባሉ እንኳ ሜዳ ላይ አይወድቁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ጉድለቱን እንዳዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሻጩ ማሳወቅ ግን የእርስዎ ፋንታ ነው። መንገዱ በፍርድ ቤት በኩል ስለሆነ ይረዝማል፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምሞክረው።

«መብራት ነው ያቃጠለው» ለሚለው መልሱ ባለሙያ ነው። እባክዎ የሰፈር ጠጋኝ ጠርተው አያስከፍቱት! አንዴ ከተከፈተ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይመጣል። ሳይነካካ ሱቁ ራሱ ባለሙያ ያምጣ ይበሉ። አመጣም አላመጣም፣ ያልዎትን ቀን ጽፈው ይያዙ። መብራት ማቃጠሉን የሚናገረው እሱ ነው፤ ያሳይ። እርስዎም በዚያ ሰሞን ቤትዎ ውስጥ ሌላ የተቃጠለ ዕቃ ከሌለ ይህንኑ ይንገሩ። ቴሌቪዥኑም አምፖሉም ደህና ሆኖ ፍሪጁ ብቻ ከተቃጠለ የመብራቱ ነገር ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ደረሰኙን ነገ ዛሬ ሳይሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚያወጣው ወረቀት በሙቀት ይጠፋል። በባሕር ዳር ሙቀት ቦርሳ ውስጥ የከረመ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሲወጣ ስንቴ አይቻለሁ። እንኳንም ደረሰኝ ተቀበሉ። ብዙ ሰው «በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ ልቀንስልዎ» ሲባል ደስ ብሎት ይወጣል። በኋላ ዕቃው ሲበላሽ ያንን ሱቅ ረግጦ እንደሚያውቅ እንኳ የሚያስረዳበት የለውም።

ከዚያ ለባለሱቁ አንድ ገጽ ይጻፉለት። የገዙበት ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና ሞዴል፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የተበላሸበት ቀን፣ የሚፈልጉት ይለወጥ ወይስ ገንዘብ ይመለስ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሁለት ቅጂ አድርገው አንዱ ላይ ያስፈርሙት፤ አልፈርምም ካለ አብሮዎት የሄደ ሰው ምስክር ይሁን። ካልተስማማ ቅጂውን ይዘው ወደ ክፍለ ከተማዎ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት። ከእኔ ልምድ፣ ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል፤ ነጋዴ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ጋር መካሰስ አይወድም። ካላለቀ ወደ ከተማው መምሪያ፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ቢሮ ይቀጥላሉ። አንድ ነገር አይርሱ። አዋጁ ለሸማች ከሰጠው መብት አንዱ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅ ነው። ባለሱቁ ከጮኸብዎ እሱንም አቤቱታው ላይ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ሱቅ አይደለም ያማረረኝ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ነው። ለአንዲት ማስረጃ «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» እያሉ ያመላልሱኛል። ይሄስ በሸማች ሕግ ይታያል?
ወጣቱ፣ ከግሽ ዓባይ

መልስ፦ አይታይም፣ ወንድሜ። የሲድኒው ዓይነት የደንበኞች አገልግሎት ሚኒስትር ቢኖረን ኖሮ ሥራው ያንተ ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤት፣ አንድ አዳራሽ። አንተ ግን ዛሬ የምትፈልገው ማስረጃህን ነው። መስኮቱ ላይ ካለችው ልጅ ጋር አትጨቃጨቅ፤ ሲስተሙን ያቋረጠችው እሷ አይደለችም። የቢሮውን ቅሬታ ሰሚ ጠይቅና በጽሑፍ አስገባ። ገቢ ያደረገውን ሠራተኛ ቁጥርና ቀን እንዲሰጥህ ጠይቅ። መልስ ካጣህ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ትችላለህ። ተቋሙ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ሲሆን ሥራው የመንግሥት አስተዳደር በደልን መመርመር ነው። ጠበቃ ማቆም አያስፈልግህም። ስትሄድ መጀመሪያ ለቢሮው ያስገባኸውን ቅሬታ ቅጂ ያዝ፤ እነሱም አስቀድመው የሚጠይቁህ «ለራሱ ለቢሮው አመልክተሃል ወይ?» ብለው ነው።