ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ተኝቶ እኔ ምን እሠራለሁ?

«የነርሲንግ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የሚታከሙበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት እፈልጋለሁ። ግን ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ተኝቶ እኔ ምን እሠራለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እህቴ፣ ብዙ ሥራ አለሽ። ዋናው ሁለተኛውን ጉዳት መከላከል ነው። የመጀመሪያው አንዴ ደርሷል፣ ማንም አይመልሰውም። ከዚያ በኋላ ግን አንጎል ያብጣል፣ የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም፣ ስለዚህ የውስጡ ግፊት እየጨመረ ሄዶ ደም በበቂ መጠን መድረስ ያቅተዋል። በዚህ ላይ ኦክስጅን ካነሰ ወይም የደም ግፊት ከወረደ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ የተረፈው የአንጎል ክፍልም ይጎዳል።

በየሰዓቱ በባትሪ ሁለቱንም የዓይን ብሌን ታያለሽ። ቅድም እኩል ከነበሩት አንዱ ሰፍቶ ለብርሃን አልጠብ ካለ ሐኪም የምትጠሪው እዚያው ነው፣ የጠዋት ዙር እስኪደርስ አይጠበቅም። የግላስጎው ኮማ ነጥብ፣ ማለትም የንቃት ደረጃ መለኪያ፣ ትሰጫለሽ፤ ከ3 እስከ 15 ይሄዳል፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ነው። ራስጌው 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል? አንገቱ ቀጥ ብሏል? የመተንፈሻ ቱቦው ማሰሪያ አንገቱን አጥብቆ አልያዘም? ይቺን የመጨረሻዋን አደራ አትርሺ፣ ማሰሪያው ከጠበቀ ደም ከጭንቅላት እንዳይመለስ ያግዳል። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መለኪያ የገባለት ከሆነ፣ ቁጥሩ ከ22 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ሲቆይ ሕክምና ይፈልጋል። ማኒቶል የተባለው የአንጎል እብጠት መቀነሻ መድኃኒት ከተሰጠው ሽንቱንና ሶዲየሙን ትከታተያለሽ።

ማንበብ ካቆምሽ ደግሞ ይህ ሙያ ጥሎሽ ይሄዳል። ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ለጭንቅላት ጉዳት ለዓመታት ሲሰጥ ኖሮ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ክራሽ የተባለው ትልቅ ጥናት ሞትን እንደሚጨምር አሳየ። ልማድ ብቻ ቢሆን እስካሁንም በተሰጠ ነበር።

የኔ ምክር፣ መጀመሪያ አጠቃላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ግቢ። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) እና የደም ጋዝ ውጤት (በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ) እጅሽ ላይ ይግቡ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር የአንጎል ደም ሥሮች እንደሚሰፉና ግፊቱም እንደሚያሻቅብ ያኔ በደንብ ይገባሻል። ቶሎ ውጤት ማየት የምትወጂ ከሆንሽ ግን ቆም ብለሽ አስቢበት። እዚህ መሻሻል ወራት ይፈጃል፣ ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወርብሽ ይችላል፣ ቤተሰቡም «ይነቃል ወይ?» እያለ በየቀኑ ይጠይቅሻል። ባዶ ተስፋ አትስጪያቸው፣ የዛሬውን ሁኔታ በቀላል ቋንቋ ንገሪያቸው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ፣ በተግባር ልምምድሽ አንድ ለውጥ ቀድመሽ ያየሽበትን አጋጣሚ አዘጋጅተሽ ሂጂ። ምን አየሽ? ለማን ነገርሽ? በስንት ደቂቃ ውስጥ?