ሳጥን ውስጥ የቀረው ጨርቅ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ገብቷል። ዝናቡ ቤት ያስቀምጣል፤ ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳጥኑን ይከፍታል። ከሳጥኑ የሚወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሰርግ ተብሎ ተገዝቶ ሳይሰፋ የቀረ ጨርቅ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ቀሚስ፣ ግማሹ የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ ዚፕ የሚጠብቅ ሱሪ። ስፌት የተማርኩት እናቴ የእጅ መኪናዋን ስታዞር አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና የጠየቃችሁኝን በተራ ልመልስ።

«አንድ ሻንጣ ሙሉ ጨርቅና ሰባት የተጀመሩ ልብሶች አሉኝ። ገና ሳያቸው ይደክመኛል። ከየት ልጀምር?» (ከአዳማ)

እህቴ፣ ዛሬ መኪናውን አትንኪው። ሁሉንም አልጋ ላይ ዘርግፊው። ሰባቱን ልብሶች አንድ በአንድ አንሺና «ይሄ ለምን ቆመ?» በይ። የቆመ ሥራ ሁሉ ምክንያት አለው። አንዱ ቁልፍ ጠፍቶበት ነው። አንዱ አንገቱ አልገባ ብሎሽ ነው። አንዱ ልኩ የተወሰደለት ልጅ አድጎ ነው። ምክንያቱን በቁራጭ ወረቀት ጻፊና በመርፌ ቁልፍ ጨርቁ ላይ አያይዢው።

ይህን ስትጨርሺ ከሰባቱ ሁለት ሦስቱ የቀራቸው ቅምቅማት ወይም ዚፕ ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የምትጀምሪው ከእነሱ ነው። ሌላው ልብስ የበለጠ ቢያምርሽም እነዚህ ይቅደሙ። ሰኞ ጠዋት ለብሰሽው የምትወጪው አንድ ቀሚስ ለቀሪዎቹ ጉልበት ይሰጥሻል። የሚጎድለውን ዚፕ፣ ክርና ቁልፍ ደግሞ በአንድ ቀን ግዢው። ከእያንዳንዱ ልብስ ቁራጭ ያዢና ቀለሙን ከሱቁ ወጥተሽ በፀሐይ ብርሃን አስተያዪ። የሱቅ አምፖል ጥቁሩን ሰማያዊ፣ ሰማያዊውን ጥቁር ያደርገዋል።

ልጁ ያደገበትን ልብስ በልኩ ጨርሺውና ታናሽ ላለው ጎረቤት ስጪ። ያ ከሳጥኑ ይሻለዋል።

«ጨርቁን የገዛሁት ከስንት ዓመት በፊት ነው። ጥጥ ይሁን ፖሊስተር በምን ልለይ?»

በእሳት ነው የሚለየው። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ምዘዝ። በወረንጦ ያዘውና ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አድርገህ በክብሪት ለኩሰው። ልጆች አጠገብህ አይሁኑ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ግራጫና ልስልስ ነው። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል። ሲበርድ እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር ነገር ይሆናል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ አመዳቸው በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። ነዶ ደግሞም ዶቃ ከሠራ ድብልቅ ነው። ያወቅከውን ወዲያው ጻፍና ከጨርቁ ጋር እሰረው።

«ከመቁረጤ በፊት ማጠብ ግዴታ ነው? አዲስነቱ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ጥጥ ከሆነ እጠቢ። ይህን የምለው በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ለእህቴ ልጅ ከነጭ ጥጥ ቀሚስ ሰፋሁ፣ ገበሩን ከፖሊስተር አደረግኩ። ለልደቷ ለበሰችው፣ ሁሉም አደነቀው። ታጥቦ ሲመጣ ገበሩ ከቀሚሱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ገበሩ አልረዘመም። ጥጡ ነው ያጠረው። የፋብሪካ ጥጥ በመጀመሪያው አጠባ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት ሊገባ ይችላል። በሜትር ስታስቢው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የእጅ ፈትል ከዚያም ይብሳል። ፖሊስተር ግን ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ልብሱን ወደፊት በምታጥቢበት መንገድ ጨርቁን አስቀድመሽ እጠቢው። ጫፉ እንዳይፈታ መጀመሪያ በዚግዛግ ዙሪያውን ስፊው። እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ተኩሺው፤ ክሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

«እናቴ የጀመረችው የትራስ ልብስ አለ። ጥልፉ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ መርፌው እንኳ እንደተሰካ ነው። ካረፈች አራት ዓመቷ። ልጨርሰው ወይስ እንዳለ ላስቀምጠው? እጄ እንደ እሷ አይደለም።» (ከደሴ)

ነፍስ ይማር። ይህን ጥያቄ ሁለት ቀን ይዤው ቆየሁ።

እኔ ጨርሺው እላለሁ። የትራስ ልብስ ራስ ይደገፍበት ዘንድ የተጀመረ ነው። እናትሽም የጀመረችው ቤት ውስጥ እንዲውል እንጂ ሳጥን እንዲሞላ አይደለም። እጅሽ እንደ እሷ አለመሆኑ ጉድለት አይደለም። የእሷን አንድ ስፌት እንኳ አትተርትሪ፤ ጠማማ መስሎ ቢታይሽም ተዪው። ከቆመችበት በራስሽ እጅ ቀጥዪ። ከዓመታት በኋላ ጣትሽን ስታሳልፊበት የእሷ እዚህ ጋ አበቃ፣ የኔ እዚህ ጋ ተጀመረ ትያለሽ። ያ መስመር መታየቱን እኔ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ጨርቁን ከፊትም ከጀርባም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ መርፌውን ቀስ ብለሽ አውጪ። አራት ዓመት ተሰክቶ ከኖረ ሳይዝግ አይቀርም። ዝገቱ ነጩ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጥብ ትቶ ከሆነ በረኪና አታስነኪው። በረኪና ዝገትን ያጸናዋል። ሎሚ ጭመቂበት፣ ጨው ነስንሺበት፣ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ከዚያ በንጹህ ውኃ አለቅልቂው። አንዴ ካልለቀቀ ድገሚው። ሎሚው ግን ባለቀለሙን ክር እንዳይነካ ተጠንቀቂ፤ ነጩ ላይ ብቻ ይሁን።

ክሩን በተመለከተ፣ ያንኑ ቀለም ብታገኚም በትክክል አይመሳሰልም። የእሷ ክር ዓመታት አልፎበታል። ስለዚህ ቀለሙን አበባው መሃል ላይ አትቀይሪ። በእጅሽ ከእሷ የተረፈ ክር ካለ የጀመረችውን አበባ በእሱ ሙዪው፣ የሚቀጥለውን በአዲሱ ጀምሪ። የተረፈ ከሌለም ቅጠሉ ወይም ቅርንጫፉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቀይሪው። ዓይን እዚያ ጋ መለወጡን ይቀበላል።

«ሪያድ ነው የምሠራው። ባገኘሁ ቁጥር ጨርቅ እየገዛሁ አስቀምጫለሁ። አሁን ልገባ ነው፤ ሻንጣው ኪሎ አለበት። የትኛውን ልያዝ?»

እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። የእያንዳንዱን ርዝመትና ወርድ ለኪ። ወርዱ ብዙ ጊዜ ወይ 115 ወይ 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ወርዱ 150 ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ለአዋቂ ጉርድ ይበቃል። ሦስት ሜትር እጅጌ ያለው ረጅም ቀሚስ ይወጣዋል። አንድ ሜትር ለአራት ዓመት ልጅ ቀሚስ ይሆናል። 115 ከሆነ ግማሽ ሜትር ያህል፣ ለረጅሙ ቀሚስ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ጨምሪበት። ከግማሽ ሜትር በታች ያለውን እዚያው ላለች ጓደኛሽ ተዪላት። ከፋዩንና ወፍራሙን የመጋረጃ ጨርቅም እንዲሁ፤ ኪሎውን የሚበላብሽ እሱ ነው።

ጊዜ ካገኘሽ ቢያንስ ልኩን የምታውቂውን እዚያው ቆርጠሽ ጨርሺው። ቁርጥራጩ ሲቀነስ ሻንጣውም ይቀላል።

«የሰርጌ ቀሚስ ሸማው ሳስቶ ተቀዷል፣ ጥለቱ ግን እንደ አዲስ ነው። መጣል አልቻልኩም። ልጄ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊልኝ ትለኛለች።» (ከጎንደር)

እትዬ፣ እንኳን አልጣሉት። መጀመሪያ ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ነው ወይስ ለብቻው ተሠርቶ የተሰፋ? ጀርባውን አይተው ይለዩ። የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን በምላጭ ቀስ እያሉ መተርተር ነው፤ ሥራው ያልቃል። አብሮ የተሸመነ ከሆነ ግን መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ስፌት ይቀድማል። የእጅ ሥራ ሸማ አንዴ ከተቆረጠ ክሩ እየተፈታ እስከ ጥለቱ ይደርሳል። ከጥለቱ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ራቅ ብለው በጥቅጥቅ ስፌት ሁለት መስመር ይስፉ። ከዚያ ከሁለተኛው መስመር ውጭ ይቁረጡ።

ጥለቱ ለብቻው ሲቀር ስስ ነው። ከጀርባው ስስ ነጭ ጥጥ ደግፈው በእጅ ይያዙት። ቀይ ወይም ጥቁር ካለበት ቀለሙን ይሞክሩ። ነጭ ጨርቅ አርጥበው ለደቂቃ ይጫኑበት። ነጩ ከቀላ ከአዲስ ነጭ ሸማ ጋር አብሮ መታጠብ የለበትም። አዲሱን ሸማ ደግሞ ከመስፋትዎ በፊት ይጠቡት። የእርስዎ ጥለት የሚገባውን ያህል ገብቶ አብቅቷል፤ አዲሱ ገና ነው። ሳይታጠብ ከተሰፋ ጥለቱ ተጨማዶ ይቀራል። ለልጅዎ ቀሚስ ደረት ላይ ቢያውሉት በጣም ያምራል።

«ጋቢ ላይ ብል ገባ። ናፍታሊን ላድርግ?»

ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው፤ የምትበላውም ቢራቢሮዋ ሳትሆን እጯ ናት። ንጹህ የጥጥ ጋቢ እምብዛም አትነካም። ጋቢህ ከተበላ ላብ ወይም ምግብ ነክቶት ሳይታጠብ ተቀምጧል ማለት ነው፣ ወይም አጠገቡ ሱፍ አለ። እጠበውና ፀሐይ ላይ በደንብ አስጣው። የሱፍ ጨርቅ ካለህ በፕላስቲክ አጥብቀህ አስረህ ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል አስቀምጠው፤ እንቁላሉም እጩም ይሞታል። ናፍታሊንን ግን ሕፃን የሚጠቀለልበት ጨርቅ አጠገብ አታድርግ። ትነቱ ለአንዳንድ ሕፃናት ደም አደገኛ ነው።

«የአክስቴን አሮጌ ሲንጀር ወረስኩ። ስሰፋ ስፌቱ እየዘለለ ያስቸግረኛል። ልጣለው እንዴ?»

በፍጹም! መርፌውን ቀይሪ። ከሚዘሉ ስፌቶች አብዛኞቹ በደነዘዘ ወይም በተዛባ መርፌ ነው የሚመጡት። አሮጌውን ከማውጣትሽ በፊት ጠፍጣፋው ጎን ወዴት እንደዞረ እዪ፣ አዲሱንም እንደዚያው እስከ ላይ ገፍተሽ አጥብቂ። ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለካኪና ለጂንስ 100 ቁጥር። የጥርሱን ሳህን፣ ማለትም ከመርፌው ሥር ያለውን ብረት፣ ፈትተሽ የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ጥረጊ። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ውስጡ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

«ወንድ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ስሰፋ ይስቁብኛል።»

ገበያ ውጣና በረንዳ ላይ መኪና ይዘው የተቀመጡትን ቁጠር፤ ወንዶች ናቸው። ሸማኔዎቹም እንደዚያው። ስፋ ወንድሜ።

«ከስንዝር የማይበልጡ ብዙ ቁርጥራጮች አሉኝ። ምን ይሆናሉ?»

ድሪቶ! ስሙ የችግር ስም ሆኖ እንዳንጠቀምበት አድርጎናል እንጂ፣ አያቶቻችን ብርድ ያሳለፉት በእሱ ነው። በሥርዓት ከተሠራ ደግሞ የሚያምር ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ሁሉንም ጥጥ አድርጊው፣ ሁሉንም አስቀድመሽ እጠቢ። በካርቶን 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ልክ ሠርተሽ በእሱ ቁረጪ። በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 13 ይቀራል። አሥር በአሥራ ሁለት፣ ማለትም 120 ቁራጭ ብትገጣጥሚ 130 በ156 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለልጅ አልጋ ይበቃል። ጀርባውን ያረጀ ጋቢ አድርጊው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለሁለት ብትከፍዪው ሙቀቱም ክብደቱም ልክ ይመጣል። ቁርጥራጩ ከዚያ ካነሰ ሹሩባ አድርገሽ ጎንጉኚውና ክብ ጠቅልለሽ ስፊው፤ ለጀበናሽ ማቶት ይሆናል። ይህም የግድ ጥጥ ብቻ ነው። ፖሊስተር ከከሰል በወረደ ጀበና ሊቀልጥ ይችላል።

ለስላሳ ጥጥ ከተረፈሽ ታጥቦ የሚደገም የወር አበባ ጨርቅም መሥራት ትችያለሽ። መቀሌ ውስጥ ፍሬወይኒ መብራህቱ ይህንኑ በፋብሪካ እያመረተች ብዙ ሴት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ አድርጋለች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችውም በዚሁ ሥራዋ ነው።

«የእናቴ የክር ሳጥን አለ፣ ከነ እንጨት መጠቅለያው። ክሩ ይሠራል?»

ክንድ ያህል ፍቺና በሁለት እጅሽ ሳብ አድርጊው። ጠንክሮ ከያዘ ስፊበት። በቀላሉ ከተበጠሰ መኪና ላይ አታውጪው፤ የሰፋሽው ልብስ ሲታጠብ ይተረተራል። እሱን ከመኪና በፊት ጨርቅ ለጊዜው በእጅ ለመያዝ ተጠቀሚበት። ኋላ ስታወጪው በቀላሉ ስለሚበጠስልሽ ለዚህስ ከአዲሱም ይሻላል።