እናታችን ማሽን ላይ ናቸው፣ እኛ ልጆቻቸው አልተስማማንም፣ ማነው የሚወስነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የምትኖር የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። የ74 ዓመት እናቷን ከባድ ስትሮክ መቷቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ በመተንፈሻ ማሽን ናቸው፣ አይናቸውን አልገለጡም። ሐኪሞቹ "ወይ ጉሮሯቸው ተበስቶ ቱቦ ይግባ፣ ሆዳቸው ላይም የምግብ ቱቦ ይደረግ፣ ወይ ማሽኑ ይነሳ፣ በዚህ ሳምንት ወስኑ" ብለዋል። አባታቸው አርፈዋል። ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሟ "ይብቃቸው፣ አናሰቃያቸው፣ ዲሲ እኮ ጭራሽ በመድኃኒት መሞትም ይፈቀዳል" ይላል፣ አዲስ አበባ ያለው መካከለኛው ደግሞ "ማሽኑን ካስነቀላችሁ ገዳዮቿ እናንተ ናችሁ፣ ወንጀልም ነው" ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቶባታል። የተፈረመ ወረቀት የለም። "እጠየቃለሁ ወይ? ማነው የሚወስነው?" ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እንቅልፍ የነሳሽን ላስቀድም፣ ማሽን ማንሳትና ሰው መግደል በሜሪላንድ ሕግ አንድ አይደሉም። የ1993ቱ የሜሪላንድ የጤና ውሳኔዎች ሕግ ራሱ በግልጽ አስቀምጦታል፣ ሰውን በምሕረት ስም መግደልን አልፈቅድም፣ የተፈጥሮው ሞት መንገዱን እንዲሄድ መተው ግን ሌላ ነው ይላል። በሕጉ ሥርዓት ተወስኖ ማሽኑ ቢነሳ ገዳያቸው ስትሮኩ ነው፣ አንቺም ሐኪሙም አትጠየቁም። ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊንም እንደዚያው ነው፣ ሆን ተብሎ ለመግደል እስካልተሰጠ ድረስ ትንፋሽን ቢያዳክምም ሕጉ ይጠብቀዋል። ወንጀሉ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት ነው፣ እዚህ ስቴት እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 10,000 ዶላር ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል።

ታናሽሽ ስለ ዲሲ ያለው እናንተን አይመለከትም። የዲሲው ሕግ ከ6 ወር በላይ አይኖርም ለተባለ፣ አእምሮው ለሚሠራና ዲሲ ለሚኖር ሰው ነው፣ ያውም በሽተኛው በራሱ አፍ ሁለቴ ጠይቆ፣ በጽሑፍም ጠይቆ፣ መድኃኒቱን በራሱ እጅ የሚወስድበት ነው። ልጅ ስለ እናቱ አይጠይቅም። ሜሪላንድ ተመሳሳይ ሕግ ለማውጣት ሞክራ በ2019 ሴኔቱ ላይ 23 ለ 23 ሆኖ ወደቀ።

አዲስ አበባ ላለው ወንድምሽ ደግሞ ይሄን ንገሪው፣ የእናንተን ጉዳይ የሚገዛው የሜሪላንድ ሕግ ነው፣ ግን የኛው የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ በአንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላል ይላል። ሕክምና እምቢ ማለት የፈረንጅ አገር ሕግ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ማን ይወስናል። ወረቀት ከሌለ ሕጉ ተራ አለው፣ ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ካለ እሱ፣ ከዛ የትዳር ጓደኛ፣ ከዛ አካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት እያለ ይወርዳል። እናንተ ሦስታችሁም አንድ ደረጃ ላይ ናችሁ። የመጀመሪያ ልጅ መሆንሽ በኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፣ ሆስፒታልም ስትመላለሺ የከረምሽው አንቺ ነሽ፣ ሕጉ ግን ድምፅሽን ከወንድሞችሽ አያስበልጠውም። አዲስ አበባ መሆኑም መብቱን አያሳጣውም፣ ስልክ ካነሳ "አለ" ነው የሚባለው። ተደጋግሞ ተፈልጎ በጊዜው መልስ ካልሰጠ ብቻ ነው ሆስፒታሉ ያለሱ መቀጠል የሚችለው፣ ስለዚህ ስልክ ዘጋብኝ ብለሽ አትተይው፣ መልሰሽ ደውዪ።

ሦስታችሁ ካልተስማማችሁ ሁለት ለአንድ ብሎ ድምፅ መቁጠር የለም። ሐኪሙ ጉዳዩን ወደ ሆስፒታሉ የታካሚ እንክብካቤ አማካሪ ኮሚቴ መምራት አለበት፣ ሠራተኞቹ ኤቲክስ ኮሚቴ ነው የሚሉት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል ሁሉ እንዲኖረው በሕግ የተገደደ ነው። ሐኪሙ እስኪመራው አትጠብቂ፣ አንቺም መጠየቅ ትችያለሽ።

ከዛ በፊት ግን ሐኪሞቹን አንድ ነገር ጠይቂ፣ "ከሦስቱ የትኛው ነው ብላችሁ ጻፋችሁ?" በያቸው። ቤተሰብ ማሽን ይነሳ ማለት የሚችለው ሁለት ሐኪሞች ሕመሙ ወደ ሞት የሚወስድ ነው፣ ወይም የማይመለስ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው፣ ወይም ታማሚዋ ንቃተ ህሊና ጨርሶ በሌለበት ቋሚ ሁኔታ ላይ ናቸው ብለው ሲያረጋግጡ ነው። ሁለት ሳምንት ለስትሮክ አንዳንዴ አጭር ነው፣ እስካሁን ካልጻፉት "ቱቦው ገብቶ ለተወሰነ ሳምንት እንሞክር፣ ለውጥ ከሌለ እንደገና እንቀመጥ" ማለት ትችላላችሁ፣ አንዴ የገባ ቱቦ አይነሳም የሚል ሕግ የለም። ይሄን ስነግራቸው ተኮራርፈው የነበሩ ወንድማማቾች ሲስማሙ አይቻለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው። ሕጉ እናንተን "ምን ትፈልጋላችሁ?" ብሎ አይጠይቃችሁም፣ "እናታችሁ ምን ይፈልጉ ነበር?" ነው የሚለው። ፍላጎታቸው ጨርሶ ካልታወቀ ብቻ ነው ለሳቸው የሚበጀው የሚታየው። አንቺ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ የጻፍሻት ነገር አለች፣ እናትሽ፣ አክስትሽ ስድስት ወር ተኝተው ሲያዩ፣ "እኔን እንዲህ አጋድማችሁ እንዳታስቀምጡኝ" ብለዋል። ይቺ ማስረጃ ናት እኮ! መቼ፣ የት፣ ማን ፊት እንዳሏት ጻፊያት። ወንድሞችሽም የሰሙትን ይጻፉ፣ አብረዋቸው ቡና የሚጠጡትን ጎረቤት ጠይቁ፣ የንስሐ አባታቸውንም ጠይቁ፣ እምነታቸውም በሕጉ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ምናልባት ለመካከለኛው "ነፍሴ እስክትወጣ ድረስ ታገሉልኝ" ብለውት ይሆናል፣ እንደሱ ከሆነ ያንቺ ድካምም የታናሽሽ እዝነትም ያንን አይሽረውም። ገንዘብም እንደዚሁ፣ የታማሚው ድህነት ለማሽን ማንሳት ምክንያት እንዳይሆን ሕጉ ከልክሏል፣ ማንም የሆስፒታሉ ክፍያ ይበዛል ቢልሽ በዛ እንዳትወስኚ፣ በራስሽ ስም እከፍላለሁ የሚል ወረቀትም ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ቤተሰብ በዚህ ሲጣላ የት እንደሚደርስ ፍሎሪዳ ላይ ታይቷል፣ ቴሪ ሻይቮ የምትባል ሴት ምንም ሳትጽፍ በ1990 ራሷን ስታ ወድቃ፣ ባሏና ወላጆቿ የምግብ ቱቦዋ ይነሳ አይነሳ ብለው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተካሰው ጉዳዩ ኮንግረስ ድረስ ሄዶ በ2005 ነው ያረፈችው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ስብሰባው ላይ አንቺ አታስተርጉሚ። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ጋር ተቀምጬ ሐኪሟ "ወደ ኮምፈርት ኬር እንሻገር" (ለማዳን የሚደረገው ይቅርና ሕመማቸውን ብቻ እናስታግስ ማለቷ ነው) ስትል ልጅየው ለእናቱ "ደህና አርገን እንንከባከባቸዋለን እያለች ነው" ብሎ ተረጎመ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነስተው የሐኪሟን እጅ ሳሙ። ባላቸው ሊሞቱ መሆኑን አልሰሙም። ልጁ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፣ አፉ እምቢ ብሎት ነው። ሆስፒታሉ ብቁ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ የፌደራል ሕግ ግዴታ አለበት፣ ለወንድምሽም በስልክ ያገናኙታል፣ ከሐኪሙ አፍ በአማርኛ ሲሰማ ያንቺ ወሬ መሆኑ ይቀራል።

ሌሎቻችሁም ይሄን የምታነቡ፣ ወላጆቻችሁ መናገር እየቻሉ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ፣ ማለትም መናገር ሲያቅታቸው ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልጉና ማን እንደሚወስንላቸው የሚገልጽ ወረቀት፣ ያድርጉ። ሜሪላንድ ላይ ኖተሪ አያስፈልግም፣ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ወኪል የሚሆነው ሰው ግን ምስክር አይሆንም፣ ቢያንስ አንዱም ከሞታቸው የማይጠቀም መሆን አለበት። መፈረም ለሚከብዳቸው ደግሞ በሚያክማቸው ሐኪምና በአንድ ምስክር ፊት በቃል ተናግረው ፋይላቸው ላይ ቢጻፍ ይጸናል።

እህቴ፣ ነገ ጠዋት ስትገቢ ነርሷን "ፋሚሊ ሚቲንግ ከአማርኛ አስተርጓሚ ጋር፣ ኤቲክስ ኮሚቴም ይጠራልን" በያት፣ ፋይሉ ላይ ስትጽፈውም እይ። ሰዓቱን ጠዋት አድርጊው፣ እዚህ ጠዋት አምስት ሰዓት (በፈረንጁ 11) ሲሆን አዲስ አበባ አመሻሽ ነው፣ ወንድምሽ ከሥራ ወጥቶ ያገኛችኋል። ቀጠሮው ሲያዝ ጻፊልኝ፣ እኔም በስልክ እገባለሁ።