ወደብ ለሌለው ከተማ ልጆች፦ ከአንድ የትራንዚት ባለሙያ የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ የጅማ ወጣቶች፣

ብዙ ዘመኔን ያሳለፍሁት የጅማን ቡና እስከ ጅቡቲ ወደብ በማድረስ ሥራ ስለሆነ፣ «ከተማችን ባሕር ቢኖራት የት በደረሰች» የሚለው ቁጭታችሁ ይገባኛል፤ ልክ የሆነው ግን በከፊል ነው።

የባሕር ዳር ከተማ ዋና ጥቅሙ የጭነት ወጪው ማነሱ ነው። መርከብ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮችን ባንዴ ስለሚጭን በኪሎ የሚወጣው ወጪ ከመኪና ጋር አይወዳደርም፤ ጥሬ ዕቃ ከውጭ አስገብቶ ምርቱን መልሶ የሚልክ ፋብሪካ ደግሞ መሀል አገር ከተተከለ የየብሱን ኪራይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ያደረገቻት ሼንዘን ባሕር ዳር፣ ከሆንግ ኮንግ ጎን መሆኗ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁንና ምጽዋና አሰብም ባሕር ዳር ናቸው፤ ሼንዘንን ግን አልሆኑም።

ጆሃንስበርግ በወርቅ፣ ባንጋሎር በሶፍትዌር ያደጉት ከባሕር ርቀው ነው። ወርቅ ከክብደቱ ይልቅ ዋጋው ይበልጣል፤ ሶፍትዌርም መኪናና መርከብ አይጠይቅም። የእኛው የጅማ ገበያ ሂርማታ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ የሆነው ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ የረጅሙን የበቅሎ ጉዞ ወጪ ችለው ትርፍ ስለሚያስገኙ ነበር፤ ከሰሜን የሚመጣው ከባዱ አሞሌ ጨው ግን ወደ እኛ በቀረበ ቁጥር ይወደድ ነበር። (በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ሂርማታን ሳወድስ ይህን መዝለል አልወድም።)

ስለዚህ ሥራ ለመጀመር ስታስቡ፣ የወደቡን ርቀት ከመጠየቃችሁ በፊት የምትልኩት ዕቃ አንዱ ኪሎ ስንት እንደሚያወጣ አስሉ። ከጀንፈል ቡና (ከነገለፈቱ ከደረቀው) ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለፈት በመሆኑ፣ እዚሁ ሳይፈለፈል የሚጫን ጀንፈል ለማይሸጠው ገለፈትም ኪራይ ያስከፍላችኋል። «ቡናውን ቆልታችሁ ወደ ውጭ ላኩ» የሚለውን ዘወትር የምትሰሙትን ምክር ግን በጥንቃቄ መርምሩት። ጥሬ ቡና በአግባቡ ከተያዘ ለወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን በደንብ ካልታሸገ መዓዛው በሳምንታት ውስጥ ይደክማል፣ የባሕር ጉዞውም ሳምንታት ይፈጃል። ለተቆላ ቡና የሚቀርበን ትልቅ ገበያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዲስ አበባ ስትሆን፣ እዚያ ለመሸጥ የወደብም የመርከብም ወጪ ስለሌለ፣ በመቁላትና በማሸግ ሥራ የሚሰማራ ወጣት አስቀድሞ ያንን ገበያ ቢይዝ እመርጣለሁ።