ግፊት እያለባት ስትቆም ግፊቷ ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በየጠዋቱ ትወስዳለች። ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ለክተዋት ደህና ነው አሉን። ጨው ብትጨምር ይሻላታል?

መልስ፦ ጨው አይጨምሩላቸው፤ ግፊት ላለበት ሰው ጉዳቱ ያመዝናል። ተቀምጠው ተለክተው ከሆነ ችግሩ ሳይታይ ማለፉ አይገርምም። ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ነርቮች የደም ሥሮችን ቶሎ አጥብበው ካልመለሱት ጭንቅላት ደም ያጥረዋል። ዕድሜ፣ የቆየ ስኳር፣ የውኃ እጥረትና መድኃኒት ይህን ያባብሳሉ።

እቤት መለኪያ ካለ 5 ደቂቃ በጀርባቸው አስተኝተው ይለኩ። ከዚያ አስቁመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙት። ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ደግፈው ይያዙላቸው፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣና ያሳስታል። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ፣ ለምሳሌ ከ150/85 ወደ 122/74፣ ምክንያቱ ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ቁጥሮቹን ጽፈው ለሐኪማቸው ያሳዩ።

የሚወስዱት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው። ጠዋት እሱን ውጠው እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ፣ ቅዳሴ ላይ መውደቃቸው የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሐኪሙ ይቀይረዋል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች።

ጠዋት አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ (የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም)። ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ አንድ ነገር ይዘው ይቁሙ። ወዲያው አይራመዱ።

ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፈው የጭናቸውንና የመቀመጫቸውን ጡንቻ ለ30 ሴኮንድ ያህል አጥብቀው ይወጥሩ፣ ይልቀቁ፣ ይደጋግሙት። ዓይናቸው መጨለም ሲጀምር እዚያው መሬት ይቀመጡ። «አየር ልቀበል» ብሎ ወደ በር መሄድ ለክፉ አወዳደቅ ይዳርጋል። ከወደቁም ደግፋችሁ አታስቀምጧቸው፤ አስተኝታችሁ እግራቸውን ከፍ አድርጉ።

አንዴ ስለወደቁ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ የአፍ መኮላተፍ ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ፣ ወይም ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።