ቸክ ቤሪን ለልጆቹ ላስተምር ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ እታለም ሰላም ነሽ? የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። ቤቴ ሳሎን ውስጥ ለሰፈር ልጆች ጊታር አስተምራለሁ። እኔ ራሴ የለመድኩት አጎቴ ካመጣው የአሜሪካዊው የሮክ ኤንድ ሮል ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ የቸክ ቤሪ ካሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞት ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰሞኑን አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ፎቶውን አየችና «ይሄ ሰውዬ እኮ በ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ የታሰረ ነው» አለችኝ። ገብቼ አነበብኩ፣ እውነት ነው። ከተማሪዎቼ ሁለቱ የ14 ዓመት ሴቶች ናቸው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እላለሁ፣ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ፎቶውን ላውርደው? «ጆኒ ቢ ጉድ» የተባለውን ዘፈኑን ማስተማሩንስ ልተው? ደግሞ ልጆቹ መግቢያዋን መያዝ አቅቷቸዋል፣ ለሱም መላ ካለሽ።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ፎቶውን አውርደው፣ ዘፈኑን አስተምር፣ ታሪኩንም ሳትደብቅ ንገራቸው። ለምን እንደዚህ እንዳልኩህ ላስረዳህ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የምንለው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው። ቤተሰቡ ፊት፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ ስለ ሟች ክፉ አይወራም፤ ደግ ባህል ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ቸክ ቤሪ ግን በ90 ዓመቱ ከሞተ ቆይቷል። አንተ ደግሞ አሁን አስተማሪ ነህ። ልጆቹ አንተ ግድግዳ ላይ የሰቀልከውን ሰው «እንደሱ ሁኑ» እንዳልካቸው ነው የሚቆጥሩት።

ሙያው ላይ ክርክር የለኝም። ሰውዬው የሴንት ሉዊስ ልጅ ነው። በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሺካጎ ሄዶ የብሉዙን ሰው መዲ ወተርስን አገኘና የት ልቅዳ ብሎ ጠየቀው፤ እሱም ቼስ ሪከርድስ ወደሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ላከው። እዚያ የተቀዳችው «ሜይቤሊን» የምትባል ዘፈኑ የነጮቹን የገጠር ዘፈንና የጥቁሮቹን ብሉዝ አንድ ላይ ያስጨፈረች ናት። ከሱ በፊት ብዙ ጊዜ ፊት ፊት የሚሄዱት ሳክስፎንና ፒያኖ ነበሩ። እሱ ጊታርን ከኋላ አውጥቶ መሪ አደረገው። «ጆኒ ቢ ጉድ» በ1958 ወጣች። ግጥሙ ላይ መጀመሪያ «ጥቁር ልጅ» ብሎ ጽፎ ነበር፣ ሬዲዮኖቹ እንዳይዘጉት ብሎ «የገጠር ልጅ» አደረገው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በ1977 ቮየጀር የተባሉት መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ሲላኩ ይቺ ዘፈን በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ተቀድታ አብራ ሄዳለች።

ብቻውን ግን አልሠራውም፣ ይሄንንም ለልጆቹ ንገራቸው። የ«ጆኒ ቢ ጉድ» መግቢያ ከዘፋኙ ሉዊስ ጆርዳን ጋር ጊታር ይጫወት ከነበረው ካርል ሆጋን የተወሰደ ነው። ከጎኑ ሆኖ ፒያኖ የሚመታው ጆኒ ጆንሰን ደግሞ ለዘፈኖቹ ድርሻ ይገባኛል ብሎ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ከሰሰው። ዳኛው ጊዜው አልፏል ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

አሁን ወደ ልጅቷ። በ1959 ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከደቡብ ይዞ ሴንት ሉዊስ አመጣና ክለቡ ውስጥ የእንግዶችን ኮፍያ እንድትቀበል አሠራት፣ ከዚያ አባረራት፣ ነገሩም ፖሊስ ጋ ደረሰ፤ ለብልግና ተግባር ከግዛት ግዛት አሻግሯታል ተብሎ ተከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ዳኛው በዘረኝነት ስለተናገረ ተሰረዘ፤ በድጋሚ ተከሶ ተፈረደበትና ዓመት ከመንፈቅ ያህል ታስሮ በ1963 ወጣ። ሰዎች ዳኛው ዘረኛ ነበር ይላሉ። ነበር። ልጅቷም 14 ዓመቷ ነበር። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። በ1990 ደግሞ ምግብ ቤቱ ውስጥ የሴቶች ሽንት ቤት ካሜራ ደብቋል ብለው ብዙ ሴቶች ከሰሱት። እሱ ካደ፣ በኋላ ግን ገንዘብ ከፍሎ ተስማማ። ስለ ዘፈኑ ጆኒ ዓለም ሁሉ ይዘፍናል፣ ስለዚያች ልጅ የዘፈነ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ስትነግር ሁለቱን ሴቶች ለብቻ ጠርተህ እንዳትነግራቸው። ወንዶቹም አብረው ይስሙ። ለዚያች እናትም ደውልላትና አመስግናት፣ ፎቶውን እንዳወረድክም ንገራት።

መግቢያዋን በተመለከተ፣ ልጆቹ የወሎ ልጆች መሆናቸው ይጠቅምሃል። ትዝታ ሜጀር ማለት ፈረንጆቹ ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚሉት ነው፣ ያው አምስት ድምፅ። ባቲ ማይነር ደግሞ የነሱ ማይነር ፔንታቶኒክ ነው። ቸክ ቤሪ ሁለቱን ነው የሚያደባልቀው። መጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጠው በአፋቸው ያዚሙት። ከዚያ ስድስተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት የተከፋፈለበት ቦታ) ላይ ሌባ ጣታቸውን አጋድመው ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ባንዴ ይያዙ፣ ዘፈኑ ቢ ፍላት በሚባለው ድምፅ ላይ ስለተመሠረተ እጃቸው እዚያ ነው የሚያርፈው። በጣም በዝግታ፣ በእግራቸው ምት እየቆጠሩ። ጣታቸው እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሳቸው፣ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል።