ክሌፕ ልትፈተኑ ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የታሪክ ፈተና ነው። በተለይ አሜሪካ ቀን እየተማራችሁ ማታ ለምትሠሩ፣ ሺፍትና ክፍል አልገጣጠም ላላችሁ። እኔም ዋሽንግተን አካባቢ ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው ኮሌጅ የጨረስኩት። ከዚያ በሒሳብ ሙያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። አንድ ኮርስ መቀነስ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ፈተናው ክሌፕ ይባላል። አዘጋጁ ኮሌጅ ቦርድ ነው፤ ያው ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው። ትምህርቱን በራሳችሁ አጥንታችሁ ፈተናውን ካለፋችሁ፣ ክፍል ገብታችሁ እንደተማራችሁ ክሬዲት ይያዝላችኋል። ከፈተናዎቹ አንዱ የምዕራብ ሥልጣኔ ታሪክ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ከጥንቱ ሜሶጶጣሚያና ግብፅ ተነስቶ 1648 ላይ ያበቃል። 120 ያህል የምርጫ ጥያቄ በ90 ደቂቃ ትሠራላችሁ። ነጥቡ ከ20 እስከ 80 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች 50 ላመጣ 3 ክሬዲት ይሰጣሉ። ክፍያው መቶ ዶላር አካባቢ ነው፤ የፈተና ጣቢያው የራሱን ሊጨምርበት ይችላል። ለ3 ክሬዲት ክፍል ስንት እንደምትከፍሉ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ሞደርን ስቴትስ የሚባል ድርጅትም አለ። ነፃ የኦንላይን ኮርሱን ለጨረሰ የፈተናውን ክፍያ ይችላል።

እኔ ይህን ፈተና አልፌዋለሁ። ውጤቱን ይዤ ኮሌጄ ስሄድ ግን «ለነፃ ምርጫ እንይዝልሃለን እንጂ በታሪክ ግዴታው ምትክ አይሆንም» አሉኝ። እነሱ የሚፈልጉት የዓለም ታሪክ ነበር። ቀድሜ አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም ሰው የለም። የታሪኩን ኮርስ እንደገና ከፍዬ፣ ከእንቅልፌ ቀንሼ ተማርኩ። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግለጣችሁ በፊት ሬጂስትራር ጋ ሂዱ። ይቀበላሉ ወይ? ስንት ነጥብ ይፈልጋሉ? በየትኛው ኮርስ ምትክ ይይዙታል? መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። በቃል የተነገራችሁ ነገር፣ የነገራችሁ ሰው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ካሰባችሁ ዩኒቨርሲቲውንም ጠይቁ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ አደራ፤ በፈተና የተገኘ ክሬዲት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል አይቆጠርላችሁም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ብዙ የእኛ ልጆች የመጽሐፉን ማውጫ ገና ሲያዩ ልባቸው ይሸሻል። «ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኔ ምኑን አውቀዋለሁ» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ናቡከደነፆርን ታውቁታላችሁ። ቂሮስን ታውቁታላችሁ። እስክንድርን፣ አውግስጦስ ቄሣርን፣ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰውን ጥጦስን ሰምታችሁ ነው ያደጋችሁት። የጎደላችሁ እነዚህ ሰዎች በምን ቅደም ተከተል እንደመጡና አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ ያስተማረውን አርዮስን ያውቃል። ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት አባቶች ኒቅያ ላይ ተሰብስበው በ325 አወገዙት። አብዛኞቻችን ታሪኩን እዚያ ላይ እናቆመዋለን። ግን የአርዮስ ትምህርት አልሞተም። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የቆስጠንጢኖስ ልጅና ወራሽ ቆንስጣንዮስ ወደዚያው ያደላ ነበር። ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ሳይቀር ስለ አባ ሰላማ ደብዳቤ ጽፏል፤ ጠቡ እኛ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል ከሮም ድንበር ማዶ የነበሩት ጎቶች ክርስትናን የተቀበሉት በአርዮሳውያን በኩል ነው። ምዕራብ ሮም ሲወድቅ ገዢ ሆነው የገቡት ጎቶች እምነታቸው ከሕዝቡ እምነት የተለየ ነበር። የፍራንኮቹ ንጉሥ ክሎቪስ ግን የሮምን እምነት ተቀበለ። በዚህ ምክንያት ፍራንኮችና የሮም ጳጳስ ተቀራረቡ። ጣሊያን ውስጥ የሰፈሩት ሎምባርዶች ሮምን ሲያስጨንቁ ጳጳሱ የተጣራው ወደ ፍራንኮች ነው። በ800 በገና ቀን የሮሙ ጳጳስ ሦስተኛው ሊዮ የፍራንኮቹን ንጉሥ ሻርለማኝን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዘውድ ጫነለት። ከአርዮስ ተነስታችሁ ሻርለማኝ ደረሳችሁ። 500 ዓመት ገደማ በአንድ ክር ያዛችሁ ማለት ነው። ይህን በካርድ ላይ ዓመተ ምሕረት እየጻፈ የሚሸመድድ ልጅ አያገኘውም።

ሙስሊም ልጆቼም የራሳችሁ ክር አላችሁ። ከ622ቱ ሒጅራ ተነሱ። በ711 ወደ ስፔን መሻገሩን፣ ከዚያ ፈላስፎቹን ኢብን ሲናንና ኢብን ሩሽድን ያዙ። የአሪስጣጣሊስ መጻሕፍት ወደ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የተመለሱት በአብዛኛው በእነሱ ማብራሪያ ታጅበው ነው። የካቶሊኩን ሊቅ ቶማስ አኲናስን የምታገኙት እዚያ ነው፤ ፈተናው ላይም ስሙ አይጠፋም።

ከባዱ መካከለኛው ዘመን ነው። ከጥያቄው ሩብ ያህሉ ከዚያ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ብዙም የማናውቀው እሱን ነው። ግሪክና ሮም ተደምረው ሲሶ ያህል ናቸው። ስለዚህ ጊዜያችሁን በሆሜር ላይ አትጨርሱ። ጉልትና ገባርን የሚያውቅ ሰው የአውሮፓን ፊውዳል ሥርዓት ለመረዳት መነሻ አለው፤ አንድ ናቸው ግን አትበሉ። በ1077 የጀርመኑ ንጉሥ አራተኛው ሄንሪ ጣሊያን ውስጥ ካኖሳ ላይ በበረዶ ባዶ እግሩን ሦስት ቀን ቆሞ የሮሙን ጳጳስ ሰባተኛውን ጎርጎርዮስን ምሕረት ለመነ። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በአገራችን ባንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ንጉሥ ፊት የሚቀርበው ሸፍቶ የነበረ መኮንን ነው። የጠቡ ምክንያት የየአገሩን ጳጳሳት የሚሾመው ንጉሡ ነው ወይስ የሮሙ ጳጳስ የሚል ነበር። ለዘመናት አቡን ከእስክንድርያ ስናስመጣ ለኖርን ሕዝብ ይህ ጥያቄ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ይቀላል። ሉተር 1517፣ የአውግስቡርግ ስምምነት 1555፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ከ1618 እስከ 1648። እዚህ ላይ ማን ከማን ጋር ለምን ተዋጋ የሚለውን ብቻ ያዙ። ካቶሊኳ ፈረንሳይ ከፕሮቴስታንቶች ጎን የቆመችበትን ምክንያት ለጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ገብቷችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። አድዋን 1888 ብለን ያደግን ሰዎች 1896 ሲሉን ግራ እንደገባን፣ በአማርኛ ያነበባችሁት ቀን 7 ወይም 8 ዓመት ሊለይ ይችላል። ለፈተናው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ተከተሉ። ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ነውና ጥናት በጀመራችሁ በሁለተኛው ወር ሰዓት ይዛችሁ መለማመድ ጀምሩ። ለአንድ ጥያቄ 45 ሴኮንድ ብቻ ነው ያላችሁ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ አትተዉ። ብትወድቁ ከሦስት ወር በኋላ ትደግማላችሁ።

ታሪክ ወይም የፖለቲካ ሳይንስ ልታጠኑ ያሰባችሁ ግን ይቅርባችሁ፤ ክፍል ግቡ። ድርሰት የሚያርምላችሁ፣ የሚከራከራችሁ አስተማሪ ያስፈልጋችኋል። ፈተናው ያንን አይሰጥም። ጂፒኤ ለማንሳትም አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሬዲት እንጂ ግሬድ አይያዝበትም።

የፈተናው ዕለት ነጥባችሁ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ያን ቀን የኮሌጃችሁን ስም መምረጥ አትርሱ፤ በኋላ ለማስላክ ያስከፍላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትራንስክሪፕታችሁን ክፈቱና ክሬዲቱ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደገባ እዩ። ከተባለው ውጪ ከገባ፣ ያንን ኢሜይል አትማችሁ ሬጂስትራር ጋ ሂዱ።